በንጋት ስለተከፈተው የሞን ቤት በር

ለአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ፈቃድና ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ከ፦ ሶልቬግ ብሬኬ፣ ኖርዳል ከተማ
ቀን፦ ኖቬምበር 20 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ ኦክቶበር 14 ቀን እኔው በጻፍኩት ሪፖርት መነሻነት በሞን ቤት ላይ የተላለፈው ትእዛዝ እንዲነሳ፣ አጎቴ አቶ ሃልቮር ብሬኬም ወደዚያው ቤት እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

አቤት ባይ ብዙውን ጊዜ የተበደለ ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ግን የበደልኩት እኔ ነኝ፤ ቢሮዎ ትእዛዙን የሰጠውም እኔ የጻፍኩትን አምኖ ነው። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ መልክ እንግዳ ቢሆንብዎ አይፍረዱብኝ። ሁለት ጊዜ ስልክ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ «በጽሑፍ ያቅርቡ» ስለተባልኩ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። ቢረዝምብዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩ ሰው መሆኔን አስበው ይታገሡኝ።

1. እኔ አመልካቿ ዕድሜዬ 66 ሲሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ አውራጃ የወተት ላም እርባታዎች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አሠራሬ ይህ ነበር፦ ሳላስታውቅ በማለቢያ ሰዓት እደርሳለሁ። በረቱን፣ ባልዲውን፣ ወተት የሚቆይበትን ክፍል፣ የአላቢውን ጥፍር ሳይቀር አያለሁ። ጉድለት ያልኩትን ሁሉ ጽፌ አንዱን ቅጂ ግድግዳው ላይ ለጥፌ እሄዳለሁ። ገበሬው አሥር ቀን አለው፤ በአሥረኛው ቀን ተመልሼ አያለሁ። በእኛ ሸለቆ ሰው ተጻፈብኝ ብሎ አይከፋም። እንዲያውም ምንም ሳልጽፍ የወጣሁ እንደሆነ ነበር የቤቱ እመቤት እስከ መኪናዬ ተከትላኝ «ምነው፣ ተስፋ ቆረጥሽብን እንዴ?» የምትለኝ። ለእኔ መጻፍ ማለት ይህ ቤት ይስተካከላል ብሎ ማመን ነበር። በዘመኔ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ያዘጋሁት በረት ግን አንድም የለም። ሌላው ዓለምም በዚሁ ሕግ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

2. አቶ ሃልቮር የአባቴ ታናሽ ወንድም ሲሆኑ ዕድሜያቸው 88 ነው። አባቴ ትራክተር ተገልብጦበት ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደጉኝ እሳቸውና ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ቦርግሂልድ ናቸው። አጎቴ ሠላሳ አራት ላሞች ነበሯቸው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ገና ይሁን ሠርግ ይሁን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረት ውስጥ ነበሩ።

በ1989 የእሳቸው በረት በእኔ መስመር ላይ ወደቀ። አለቃዬ ሌላ ሰው ልላክ ሲሉ አጎቴ ሰምተው እንቢ አሉ። «ሌላ ሰው ያዝንልኛል። ሶልቬግ አታዝንልኝም፤ እሷው ትምጣ» አሉ። ሄጄ አራት ጉድለት ጻፍኩባቸው። የዚያን ቀን ምሳ ላይ ድንቹን እንደወትሮው አቀበሉኝ። በአሥረኛው ቀን ስመለስ የጻፍኩትንም ያልጻፍኩትንም አስተካክለው፣ ግድግዳውን በሙቅ ውሃ ከላይ እስከ ታች አጥበው፣ ኖራ ቀብተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ጠበቁኝ። «አልፏል» ብዬ የፈረምኩበትን ወረቀት በመስታወት ክፈፍ አስገብተው ሰቀሉት። ላሞቹ ከተሸጡ በኋላም አጎቴ በገቡበት ቤት ሁሉ ያ ክፈፍ አብሯቸው ይገባል።

3. ከ2016 ጀምሮ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ረሱ፤ ቀጥሎ መንገድ፤ ቀጥሎ የቦርግሂልድን መሞት። አሥራ አንድ ሰዓትን ግን አልረሱም። ስምንት ወር እኔ ቤት ተቀመጡ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ቡትስ ጫማቸውን ይፈልጋሉ፤ ላሞቹ ይጠብቃሉ ይላሉ። እኔም ላሞቹ ከተሸጡ አሥር ዓመት እንዳለፈ እነግራቸዋለሁ፤ በየማለዳው እንደ አዲስ መርዶ ሰምተው ያለቅሳሉ። በመጨረሻ በሩን ቆለፍኩ። አንድ ቀን ከእጀታው ጋር ሲታገሉ ጣታቸው ተሰበረ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሐኪሙም ወደቁ ነው ያልኩት። ለአቤቱታዬ ስለሚያስፈልግ እጽፈዋለሁ።

ከእኔ ቤት ወጥተው የገቡበት የመጀመሪያው የአረጋውያን ቤት አበባ አበባ የሚሸት፣ ምንጣፉ እግር የሚያሰምጥ ነበር። በሩ ሲነካ ይጮኻል። አጎቴ ጩኸቱን ሲሰሙ በረቱ የተቃጠለ መስሏቸው አዛውንቶቹን ከአልጋ እየቀሰቀሱ ወደ ውጭ ሊያወጡ ተነሱ። ሁለት አሮጊቶች ካፖርት ለብሰው እስከ መውጫው ተከትለዋቸው ነበር አሉ። መድኃኒት ታዘዘላቸው። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ አገኛቸው ነበር።

4. ስለዚህ ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ቢሮዎ ለቤተሰቦች ያዘጋጀውን የሃያ ሰባት ጥያቄ ዝርዝር ይዤ፣ ከኋላው የራሴን አሥራ አራት ጨምሬ፣ አሥራ አንድ ቤቶች አየሁ። ሽታውን፣ የመድኃኒቱን ሣጥን ቁልፍ፣ ደወል ተደውሎ ሰው እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ፣ የመታጠቢያ ቤቱን መደገፊያ፣ የፍራሹን ሥር ሳይቀር መረመርኩ። በአንደኛው ቤት ፍራሽ ስገለብጥ አስጎብኚው ትኋን እየፈለግሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ጉብኝቱ እዚያው ላይ አበቃ።

የሞን ቤት ስድስት ሰው ብቻ የሚኖርበት፣ ቀድሞ የወተት ገበሬ ቤት የነበረ ነው። ባለቤቷ ወ/ሮ አርዲስ ሞን እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የአባታቸውን በረት በዘመኔ ሰባት ጊዜ ጽፌበታለሁ። ቤቱ የተቀቀለ ድንችና ሳሙና ይሸታል፤ ይህ ጥሩ ሽታ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሳልታሰብ ደርሼ አብሬያቸው በላሁ፤ በልቶ ሳይጨርስ ሰሃኑ የተነሳበት ሰው አላየሁም። ከጥያቄዎቼ ለሁለቱ ወ/ሮ አርዲስ «አላውቅም፣ አይቼ እነግርሻለሁ» የሚል መልስ ሰጡኝ። የቀሩት አሥር ቤቶች ሁሉንም ነገር ያውቁ ነበር።

እሳቸውም በተራቸው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። በየትኛውም ቤት ማንም ያልጠየቀኝ ነው። «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» አሉኝ። «ላሞቻቸውን» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን። ጻፉት። ለምን እንደጻፉት አልጠየቅኩም።

5. አጎቴ ኤፕሪል 8 ቀን ገቡ። በጁን ስሄድ በስሜ ጠሩኝ። ኪሎ ጨመሩ፤ መድኃኒታቸው በሐኪም ፈቃድ በግማሽ ቀነሰ፤ ቀኑን ሙሉ ነቅተው ይውሉ ጀመር። አንድ ቀን እንዲያውም የወ/ሮ አርዲስን ቅቤ ቀምሰው ጨው በዝቶበታል ብለው ተከራከሩ። ሌላ ሰው ቢሆን አምላኩን አመስግኖ አርፎ ይቀመጣል። እኔን ግን ጥርጣሬ ገባኝ። በሙያዬ ደግሜ የማየው በጣም ጸድቶ የጠበቀኝን በረት ነበር።

6. ኦክቶበር 14 ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መኪናዬን ከቤቱ ፊት ለፊት መንገድ ዳር አቁሜ መብራቱን አጠፋሁ። የቤቱ የጎን በር ምንም ሳይጮኽ ተከፈተ። አጎቴ ቡትስ አጥልቀው ባልዲ ይዘው ወጡ። ውርጭ ነበር። ወ/ሮ አርዲስ የሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው አንድ እርምጃ ከኋላ ይከተሏቸዋል። ሁለቱም አሮጌው በረት ውስጥ ገቡ፤ መብራት በራ። የጎን በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ኩሽናው ውስጥ ሰው አይታየኝም። በቤቱ ውስጥ ወ/ሮ አዮኒ ፌላንድ የተባሉ፣ በር ክፍት ካገኙ ወጥተው የሚሄዱ አሮጊት እንዳሉ አውቃለሁ። ሰዓቴን ይዤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ።

ከመኪናዬ አልወረድኩም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ደጃፉን ሳልረግጥ የጻፍኩበት በረት የለም፤ ያን ማለዳ ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እዚያው ጻፍኩ። ለምን እንዳልወረድኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ብርዱን ፈርቼ አይደለም። አጎቴ ቀጥ ብለው ሲራመዱ አየሁ። እኔ በር የቆለፍኩባቸው ሰው፣ ባዳ ሴት በሩን ከፍታላቸው እንደ ጎልማሳ ይራመዳሉ። ቀናሁ። ቅናት መሆኑን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው፤ ያኔ ስለ ደኅንነታቸው የተጨነቅኩ መስሎኝ ነበር።

7. ሪፖርቱ ስድስት ነጥብ ነበረው። አንዱን ቅጂ ለቢሮዎ በፖስታ ላክሁ። ሌላውን ቁርስ ሰዓት ላይ ገብቼ ለወ/ሮ አርዲስ ሰጠሁ፤ ግርጌው ላይ እንደ ልማዴ «አሥር ቀን» ብዬበት ነበር። ቆመው አነበቡት። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ አንድ ነገር ሊናገሩ ፈልገው ተዉት። «እሺ፣ አሥር ቀን ይበቃኛል» ብለው ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፉት። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ከተቆጣጣሪ ጋር መከራከር አልለመዱም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ለበሩ የሚሆን ደወል ሊያዝዙ ወደ ከተማ ሄዱ። እንደ እኔው እሳቸውም የበረት ወረቀት መስሏቸው ነበር።

በአራተኛው ቀን የቢሮዎ ባልደረባ መጡ። ትሑት ሰው ናቸው፤ አንዳች አላጠፉም። በእጃቸው የያዙት የእኔን ወረቀት ነው፣ ያገኙትም የጻፍኩትን ነው፦ የጎን በሩ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ወጥቷል። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ጎህ ሳይቀድ ባልተጠበቀ በር ወጣ ከተባለ በእናንተ አሠራር አሥር ቀን የሚባል ነገር እንደሌለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ፈቃዱ ዲሴምበር 5 ቀን እስኪታይ ድረስ አዲስ ሰው እንዳይገባ፣ አጎቴና ወ/ሮ ፌላንድም በሦስት ቀን ውስጥ ከቤቱ እንዲወጡ ታዘዘ። ወ/ሮ ፌላንድን ልጃቸው ወሰደቻቸው። ለእኔ ስልክ ደውላ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ሁሉም ግን ይገባኛል።

ወሬው ሸለቆውን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በመኖ መደብሩ በር ላይ አንድ ዕድሜ ልኩን ስጽፍበት የኖርኩ ሽማግሌ ገበሬ አገኘኝና ባርኔጣውን አነሳልኝ። «ሶልቬግ፣ ጡረታ ወጥተሽ አንድ አዘጋሽ» አለኝ።

8. ከዚያ በኋላ ነው ወ/ሮ አርዲስን ቁጭ ብዬ የጠየቅኋቸው። መጠየቅ የነበረብኝ ያን ማለዳ ከመኪናዬ ወርጄ ነበር።

በረቱ ውስጥ አንዲት ላም አለች። ዳግሮስ ትባላለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከነጠፈች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ወ/ሮ አርዲስ የአባታቸው ላሞች ሲሸጡ ለእርድ መስጠት ያቃታቸው አንዷ ናት። አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጡቷን በሞቀ ውሃ ያጥባሉ፤ ግንባራቸውን ጎኗ ላይ አስደግፈው ይሞክራሉ። «ዛሬም የላትም» ይላሉ። ባልዲውን አጥበው ይደፉታል፣ እጃቸውን ታጥበው ለቁርስ ይመለሳሉ። ሃያ አምስት ደቂቃው ይኸው ነው። ወ/ሮ አርዲስ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ማለዳ አላጓደሉም። ባትሪውን ያወጡትም ጩኸቱ አጎቴን እሳት ተነሳ እንዳያሰኛቸው ነው።

ቤቱም ባዶ አልነበረም። ያን ጊዜ ሁሉ የሌሊት ተረኛዋ ረዳት ወንበሯን በወ/ሮ ፌላንድ ክፍልና በጎን በሩ መካከል አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ኮሪደሩ ወደ መንገዱ መስኮት የለውምና ከመኪናዬ ሆኜ ላያት አልችልም። ይህ ሁሉ በየቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ በቤቱ መዝገብ ተጽፏል፤ ቅጂውን አባሪ አድርጌያለሁ። የእኔ ሪፖርት ሦስተኛ ነጥብ «ቤቱ ውስጥ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። ያኔውኑ ለምን እንዳልተናገሩ ወ/ሮ አርዲስን ጠየቅኋቸው። «አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? ልጅቷ አንድ ቀን ተነስታ አይተሽ ይሆናል ብዬ» አሉኝ። ለካስ ያን ዕለት እኔ ከወጣሁ በኋላ ረዳቷን ጠርተው ተቆጥተዋታል። ልጅቷ አልተነሳሁም ብላ አልቅሳለች። እኔን አምነው የራሳቸውን ሰው ተጠራጠሩ።

9. ኦክቶበር 21 ቀን አጎቴን ከሞን ቤት ያወጣኋቸው እኔው ነኝ። ልብሳቸውን ሳስተካክል ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ክፈፉን ከግድግዳ ሳወርድ ግን ብድግ አሉ። «ወተቴ ምን ተገኘበት?» አሉኝ። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ያ ወረቀት ከግድግዳ የሚወርደው ወተቱ ተበላሽቶ ፈቃድ ሲነጠቅ ብቻ ነው። ምንም አልተገኘበትም ማለት ነበረብኝ። የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆልፌላቸው መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ሰባ ማይል ሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በደል እንደተገኘበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

10. አሁን ያሉበትን ቤት ስም አልጠቅስም፤ ክስ የለኝምና። በሃያ ሰባቱም ጥያቄ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ዘጠኝ ጊዜ ሄጄ አንድ ጉድለት ፈልጌ አጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አጎቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተው በሩን ሞከሩ። እንቢ ሲላቸው አልታገሉም። የፊት ፎጣቸውን በሙቅ ውሃ ነክረው የመታጠቢያ ቤታቸውን ግድግዳ ያጥቡ ጀመር። ከላይ ወደ ታች፣ ጥግ ጥጉን፣ መደገፊያውን፣ የበሩን ሥር። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ነርሷ በቅን ልቦና «ጭንቀትና ተደጋጋሚ ድርጊት» ብላ መዘገበች፤ መድኃኒቱም እጥፍ ሆነ። ወለሉ እየረጠበ ያንሸራትታል ተብሎ ፎጣውም ተወሰደ። እኔም የበሽታው ጠባይ መስሎኝ ነርሷን አመሰገንኩ።

በንጋት መጥቼ ለግማሽ ሰዓት ግቢው ውስጥ ላንሸራሽራቸው ብዬ ጠየቅሁ። ከቁርስ በፊት ነዋሪ ማስወጣት ክልክል ነው ተባልኩ፤ ደንቡን አውጥተው አሳዩኝ፤ ደንቡ ትክክል ነው። አሁን እስከ ምሳ ይተኛሉ። ከኦክቶበር ወዲህ አምስት ኪሎ ቀንሰዋል። ስሜን አይጠሩም።

11. ሌሎችን ሁሉ የጻፍኩበትን ቅጽ ለራሴ ሞልቼዋለሁ፤ እነሆ። የተመረመረችው፦ ተቆጣጣሪ ሶልቬግ ብሬኬ። ጉድለት፦ ቦታው ሳትገባ ጽፋለች። መዝገብ አምጡ ሳትል ጽፋለች። ያላየችውን «የለም» ብላለች። ወረቀቷ የት እንደሚደርስና ምን እንደሚያደርግ ሳትጠይቅ ልካለች። በቅናት ጽፋለች፤ ለዚህኛው ቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ኅዳጉ ላይ ይጻፍ። የማስተካከያ ጊዜ፦ አሥር ቀን። ጊዜው አልፏል።

12. ከላይ በዘረዘርኩት ምክንያት የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፦

ሀ) የሪፖርቴ ሦስተኛ ነጥብ ሐሰት ሆኖ እንዲሰረዝ። ሌሎቹ አምስቱ ይቆዩ፤ እውነት ናቸው። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ይቀደድ አልልም።

ለ) በጎን በሩ ላይ ሳይጮኽ በረዳቶቹ ክፍል ብቻ የሚሰማ ደወል ኦክቶበር 23 ቀን ተገጥሟል። ከተጻፈ በዘጠነኛው ቀን ማለት ነው፤ አንድ ቀን ተርፏቸዋል። አሥራ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍቼ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ ደውሏል። ይህ ታይቶ ትእዛዙ እንዲነሳ፣ ወ/ሮ ፌላንድም ልጃቸው ከፈቀደች እንዲመለሱ።

ሐ) አጎቴ በጽሑፍ በተያዘ ዕቅድ ወደ ሞን ቤት እንዲመለሱና በየማለዳው ወደ በረቱ እንዲሄዱ እንዲፈቀድላቸው። አንድ ሰው አብሯቸው ይሄዳል፣ አንድ ሰው ቤት ይቀራል፤ በረዶው እንዳያንሸራትት መንገዱ ላይ አሸዋ ይደፋል፣ እስከ በረቱ የሚያዝ ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

መ) ይህን ሁሉ በእኔ ቃል አይመኑ። ተቆጣጣሪ ይላኩ፤ ሳያስታውቅ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይምጣ። መንገድ ዳር እንዳይቆም፤ ይግባ።

ሊወድቁ አይችሉም ወይ ቢሉኝ፣ ይችላሉ። የበረዶው ክረምት ገብቷል፣ ዕድሜያቸው 88 ነው። ሕጋዊ ወኪላቸው እኔ ስለሆንኩ ይህን አውቄ እፈርማለሁ። ወደ ላሟ ሲሄዱ ቢወድቁ አለቅሳለሁ፤ አሁን ግን ሳይወድቁም እያለቀስኩ ነው።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ያለፈው እሑድ የሆነውን ግን ሳልጽፍ ብቀር ሪፖርቱ ጎዶሎ ይሆናል።

ከምሳ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ለጥቂት ደቂቃ ነቁ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደሚያጥብ ሰው ይዞራል። ፊቴን ሳይሆን በሥራ ዘመኔ አደርገው የነበረውን ጫማዬን አዩት።

«ተቆጣጣሪዋ ነሽ?» አሉኝ።

ነኝ አልኳቸው።

«ከአሥሩ ቀን ስንት ቀረኝ?»

ከሞን ቤት ከወጡ ሃያ ሰባተኛ ቀናቸው ነበር። ግድግዳውን ለምን ያጥቡ እንደነበረ ያኔ ገባኝ። አጎቴ ጉድለት ተገኝቶብኛል ብለው፣ አስተካክለው ሊጠብቁኝ፣ በማያውቁት ቤት የማያውቁትን ግድግዳ በፊት ፎጣ ሲያጥቡ ኖረዋል። በሥራዬ ዘመን ሁሉ ቁጥር አሳስቼ አላውቅም። ጥቂት ቀርቶዎታል አልኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያው ፎጣዬን መልሱልኝ በያቸው» አሉኝ። «የበሩ ሥር አላለቀም።»

ከዚያ መልሰው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔም የነርሷን ፈቃድ ጠይቄ ፎጣውን አስመለስኩ፤ አጥፌ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጬላቸው መጣሁ። ጥቂት ቀርቶዎታል ያልኳቸው ቢሮዎን ተማምኜ ነውና፣ ውሸታም እንዳልሆን ተቆጣጣሪዎን እንዲልኩልኝ እለምናለሁ።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሶልቬግ ብሬኬ
የቀድሞ የወተት ተቆጣጣሪ፣ የአቶ ሃልቮር ብሬኬ የወንድም ልጅ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ አርዲስ ሞን፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ በቀድሞው ወረቀት ቦታ እንዲለጠፍ